አስመሳይ ድረ ገጽ

አስመሳይ ድረ ገጽ ማለት የታመነ ባንክን፣ መሥሪያ ቤትን ወይም የንግድ ድርጅትን ስምና መልክ ተላብሶ፣ የጎብኚውን የይለፍ ቃል፣ የካርድ ቁጥርና ሌላም ምስጢር አታሎ ለመውሰድ የሚዘጋጅ የኢንተርኔት ገጽ ነው። ቀለሙና ዓርማው ከእውነተኛው ገጽ በጥቂት ደቂቃ ሊገለበጥ ስለሚችል፣ መልክ ለእውነተኛነት ምስክር አይሆንም፤ ምስክሩ አድራሻው ነው፤ እርሱም ቢሆን በማስተዋል ካልተነበበ ያስታል።

የግእዝ መምህራን ተማሪው «ሠረቀ»ን ከ«ሰረቀ» እንዳያምታታ አጥብቀው ያስተምራሉ፤ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ መውጣቷን፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌብነትን ያመለክታልና። በዚያ ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ ይለያል፤ በኮምፒዩተር ዘንድ ያለው አደጋ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መልካቸው አንድ ሆኖ መለያ ቁጥራቸው የሚለያይ ፊደላት አሉ። የላቲኑ ንኡስ «ኤ» ቁጥሩ 97፣ የሩስያው «አ» ደግሞ 1072 ሲሆን፣ ዐይን ግን ሁለቱን ከቶ ሊለያቸው አይችልም። ጋብሪሎቪችና ጎንትማኸር የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሩስያ ፊደላትን በማይክሮሶፍት ስም ውስጥ ሰግስገው አድራሻ ማስመዝገብ እንደሚቻል በተግባር አሳዩ። ብራውዘሮች የሁለት ቋንቋ ፊደላት የተቀላቀሉበትን አድራሻ መጠርጠር ከጀመሩም በኋላ፣ በ2017 ሹዶንግ ዠንግ የተባለ ተመራማሪ የአፕልን ስም የሚመስል አድራሻ፣ አንድም የላቲን ፊደል ሳይቀላቅል፣ በሙሉ ሩስያኛ በሚጻፍበት በሲሪሊክ ፊደል ጽፎ ያን ጥበቃ አለፈው፤ ክሮም የተባለው ብራውዘርም በ58ኛው እትሙ ጉድለቱን አረመ። ብራውዘርን ሳያዘገዩ ማሳደስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ብዙዎች የሚታመኑበት፣ በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት መልእክቱ በመንገድ ላይ በምስጢር መጓዙን እንጂ የተቀባዩን ታማኝነት አይመሰክርም፤ ክሮም በ2023 ምልክቱን ያነሣው ይህን ስሕተት አይቶ ነው።

በአገራችን እጅግ የሚያሳዝነው በአሜሪካው የዲቪ ቪዛ ዕጣ ስም የሚፈጸመው ማታለል ነው፤ ስንቱ ድኻ ተበድሮ ገንዘቡን ለሐሰተኛ ገጽ ከፍሏል! የአሜሪካ መንግሥት ገጾች አድራሻ በ«ነጥብ ጎቭ» ያበቃል፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ዕጣ ለወጣለት ሰው በኢሜይል አያበስርም፤ ባለዕጣው ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ያያል እንጂ።

አድራሻ ሲመረመር፣ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያለው ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ የባንኩ ስም ከፊት ቢቀመጥም፣ የገጹ ባለቤት ከ«ነጥብ ኮም» አጠገብ፣ በስተግራ የተጻፈው ነው። የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አድራሻን በመልኩ ሳይሆን በቁጥሩ ስለሚያመሳክር፣ በአስመሳይ ገጽ ላይ ቃሉን ከመሙላት ይቆጠባል፤ ሳይሞላ የቀረ እንደ ሆነ አንባቢ ሆይ፣ በእጅህ አትጻፍለት፤ ጽፈህ ከሆነም ዛሬውኑ የይለፍ ቃልህን ለውጥና ለባንክህ ደውል።