የትምህርት ፕሮግራሞችን ለመገምገም ተስማሚ የጥናት ዘዴ አመራረጥ፦ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላማ አካባቢዎች ሁኔታ አንጻር

የትምህርት ፕሮግራም ግምገማ ማለት አንድ ፕሮግራም በዕቅዱ መሠረት መከናወኑን፣ በተማሪዎች ላይ ለውጥ መታየቱንና ለውጡም ከፕሮግራሙ የመጣ መሆኑን በማስረጃ የማረጋገጥ ሥራ ነው። ግምገማው ተገቢ ባልሆነ ዘዴ ከተካሄደ ጠቃሚው ፕሮግራም ሊቋረጥ፣ የማይጠቅመው ደግሞ ሊቀጥል ይችላል፤ የዚህ ስሕተት ዋጋም የሚከፈለው በሕፃናት የትምህርት ዘመን ነው። ይህ ጽሑፍ ለርእሳነ መምህራን፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት እንዲሁም ትምህርት ቤቶችን ለሚደግፉ ድርጅቶች መነሻ እንዲሆን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የትምህርት ቤት ምገባን እንደ ምሳሌ ይጠቀማል።

1. ዘዴው ከጥያቄው ይመነጫል

ከዘዴው በፊት መልስ የሚፈለግለት ጥያቄ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው በአራት ይከፈላሉ፦

ሀ) ፕሮግራሙ በታቀደው መሠረት ተከናውኗል? ምግቡ በስንት የትምህርት ቀናት እንደቀረበ ለማወቅ የግምጃ ቤት መዝገብ ምርመራና ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የሚደረግ ምልከታ ይበቃል።

ለ) የተማሪዎች ክትትል ተሻሽሏል? ለዚህ የክፍል መቆጣጠሪያ መዝገብ ተስማሚ ሲሆን፣ በአካል ቆጠራ መመሳከር ይኖርበታል።

ሐ) ተማሪዎች የተሻለ ተምረዋል? ይህ በምዝገባም ሆነ በክትትል ቁጥር አይመለስም። በ2002 ዓ.ም. በ2ኛ እና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተካሄደው የንባብ ችሎታ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንዱ ገደማ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ሕፃናት በምዝገባ ስታቲስቲክስ ውስጥ በተማሪነት የተቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ መማርን ለማወቅ ችሎታን በቀጥታ መለካት ያስፈልጋል።

መ) ለውጡ ለምን መጣ፣ ወይም ለምን ሳይመጣ ቀረ? ይህን የሚመልሱት ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር የሚደረጉ ቃለ መጠይቆችና የቡድን ውይይቶች ናቸው።

2. ለውጡ ከፕሮግራሙ መምጣቱን ማረጋገጥ

ተማሪዎች ፕሮግራም ባይኖርም በአንድ ዓመት ውስጥ የተወሰነ ዕድገት ያሳያሉ። በመሆኑም «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ልኬት ብቻውን አያስተማምንም። ለማስረዳት ያህል፣ ፕሮግራሙ ባለበት ትምህርት ቤት በደቂቃ የሚነበቡ ቃላት አማካይ ከ20 ወደ 32 አደገ፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ደግሞ ከ21 ወደ 29 አደገ እንበል። የመጀመሪያው ዕድገት 12፣ የሁለተኛው 8 ስለሆነ ለፕሮግራሙ ሊሰጥ የሚችለው 4 ቃል እንጂ 12 ቃል አይደለም።

በጀቱ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ በማይደርስበት ወቅት ተራውን በዕጣ መወሰን ሁለት ጥቅም አለው። አድልዎን ያስቀራል፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ትምህርት ቤቶችም ለንጽጽር ያገለግላሉ። ከዚህ በተጨማሪ ከሁለት ትምህርት ቤቶች 200 ተማሪዎችን ከመለካት ይልቅ ከ20 ትምህርት ቤቶች ዐሥር ዐሥር ተማሪዎችን መለካት የአካባቢውን ሁኔታ በተሻለ ያሳያል።

3. በይፋት ቆላ በተለይ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና በ225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ማሽላና ማሾ በስፋት በሚመረትበት ቆላ ትገኛለች። ይህ ሁኔታ በመረጃ አሰባሰብ ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ አለው።

የእርሻ ወቅት፦ ማሽላው ሲያሽት ወፍ የሚጠብቁት፣ በአጨዳ ጊዜም የሚያግዙት በአብዛኛው ልጆች ናቸው። የጥቅምት ክትትል ከየካቲት ክትትል ጋር ቢነጻጸር የሚታየው ልዩነት የምገባው ሳይሆን የማሽላው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንጽጽሩ ከተመሳሳይ ወር ጋር መሆን አለበት።

የመነሻ ዓመት፦ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ-19 ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተዘግተው ነበር፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አካባቢው በግጭት ተጎድቷል። እነዚህን ዓመታት እንደ መደበኛ መነሻ መውሰድ ማንኛውንም ፕሮግራም ውጤታማ አስመስሎ ያሳያል።

ያቋረጡ ተማሪዎች፦ በልኬቱ ቀን በክፍል የተገኙትን ብቻ መፈተን ያቋረጡትን ከስሌቱ ያስወጣል። ስማቸው በመነሻው መዝገብ ላይ የነበረ ተማሪዎች ሁሉ የት እንደደረሱ መጣራት አለበት።

ቋንቋ፦ በአካባቢው ከአማርኛ በተጨማሪ የአርጎብኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የአፋርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ። ፈተናው በመማሪያው ቋንቋ፣ ቃለ መጠይቁ ደግሞ ተጠያቂው በሚመርጠው ቋንቋ ሊሆን ይገባል።

4. የመለኪያ ለውጥን ከውጤት ለውጥ መለየት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠ ሲሆን፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአፈታተን ሥርዓቱ ስለተለወጠ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉ ውጤቶችን በቀጥታ በማነጻጸር ስለ አንድ ፕሮግራም መደምደም አይቻልም። በማንኛውም ግምገማ መለኪያው፣ የአሰጣጥ ሥርዓቱና ወቅቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።

5. ግምገማ ከመጀመሩ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

• ዋናው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፤
• የመነሻ ልኬት ፕሮግራሙ ሳይጀመር መወሰድ፤
• የሚነጻጸረው ትምህርት ቤት አስቀድሞ መመረጥ፤
• የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድና የሕፃኑ ስምምነት መገኘት፣ የተማሪው ስምም በሪፖርት አለመገለጽ፤
• ውጤቱ ጥሩም ሆነ ደካማ ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ በስብሰባ መቅረብ።

ለሰፊ ጥናት የሚሆን አቅም በማይኖርበት ጊዜ በአግባቡ የተያዘ የክፍል መዝገብ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ አጭር የንባብ ፈተናና ከወላጆች ጋር የሚደረግ ግልጽ ውይይት፣ በተመሳሳይ ወራት ከተከናወኑ፣ ፕሮግራሙ ይቀጥል ወይስ ይሻሻል ለሚለው ውሳኔ ጠቃሚ መሠረት ይሆናሉ።