ዕድሜያቸው ለገፋ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የሚሆን አነስተኛ ትምህርት ቤት

ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን ሕፃናትን ብቻ እናስባለን። ኦቲዝም ግን በልጅነት የሚያበቃ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል።

በአገራችን ፈር ከቀደዱት አንዷ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በአማርኛ ድምፆች ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ወደ አኼራ የሄዱት በ2013 ዓ.ም. ነው።

ለእንጅባራና ለዳንግላ ወላጆች አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ በአካባቢው አንድ ክፍል፣ ጥቂት ተማሪዎችና የሠለጠነ መምህር ያሉት ትምህርት ቤት እንኳ ትልቅ እፎይታ ነው። ለወጣቶቹ ከፊደል ባሻገር ልብስ ማጠብ፣ ብር ቆጥሮ መገበያየት፣ ውዱእና ሶላት፣ እንዲሁም እንደ ቀርከሃ ሥራ ያለ የአካባቢው ሙያ ደረጃ በደረጃ ይሰጣል።

ዐይነ ስውሩ ሶሓባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ዲኑን ለመማር የመጡት ካደጉ በኋላ ነበር። ሱረቱ ዐበሰ በእሳቸው ምክንያት ወረደች፤ በኋላም የመዲና ሙአዚን ሆኑ። ወላጆች፣ የመስጂድ ኮሚቴዎችና ባለሀብቶች ተመካክረን አንድ ክፍል ብንከፍት ለነዚህ ልጆች ሐቃቸውን ሰጠን ማለት ነው።