መሣሪያ አንደበት ሲያወጣ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ቦምብ ተወርውሮ የሚያልቅ መሣሪያ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ወዳጅነት አይመሠርትም። በየዱሩ ይዋጋ የነበረው አርበኛ ጠመንጃ ግን የተለየ ነው። በፉከራና በቀረርቶ ይወደሳል፤ ነፍስ እንዳለው ፍጡር ይነገርለታል፤ ብዙ ጊዜም በአንስታይ ጾታ ይጠራል። ግዑዙ ብረት ጾታን ከወዴት አገኘ?

የመጀመሪያው ምንጭ ሰዋስው ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በተቀነባበረው በፈረንሳዮች «የሮላንድ መዝሙር» ውስጥ፣ ጀግናው ሊሞት ሲቃረብ ዱራንዳል የተባለችውን ጎራዴውን እንደ ሴት እያሞገሰ ይሰናበታታል፤ በፈረንሳይኛ ጎራዴ አንስታይ ነውና። በዐረብኛ ሰይፍ ተባዕታይ በመሆኑ ዙልፊቃር በተባዕታይ ይጠራል። ኤልያስ ሎንሮት ከሕዝብ አፍ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተመው፣ በ1849 ደግሞ አስፋፍቶ ባወጣው የፊንላንዶች «ካሌቫላ» ውስጥ ኩለርቮ ሰይፉን ደሙን ይጠጣ እንደሆነ ሲጠይቀው ሰይፉ አፍ አውጥቶ ይመልሳል። ሆኖም የፊንላንድ ቋንቋ «እሱ»ንና «እሷ»ን ስለማይለይ፣ ተናጋሪው ሰይፍ ወንድም ሴትም አይደለም። እንግሊዛዊው ቶልኪን ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ የፈጠረው ተናጋሪ ሰይፍ እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመው «ሲልማሪሊዮን» ውስጥ ይገኛል፤ እንግሊዝኛ ለግዑዝ ነገር የተለየ ተውላጠ ስም ስላለው፣ ጾታ መስጠትና መንሣት የደራሲው ፈንታ ነው።

አማርኛ እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም። መሣሪያን ያናገረ ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ግድ ይሆንበታል፤ ግሡም ይህንኑ ተከትሎ ይረባል። ከዚህ የሚያመልጠው አንቱታ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሌት ተቀን ትከሻው ላይ የሚሸከመውን ጠመንጃ አንቱ የሚል ተዋጊ ማን ነው?

ይሁንና ሰዋስው ምርጫውን ያስገድዳል እንጂ መራጩ ሰው ነው። በአማርኛ ግዑዝ ነገር በአብዛኛው በተባዕታይ ይነገራል፤ ያነሰው፣ የተወደደውና የቀረበው ግን አንስታይ ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አሠርተው ወደ መቅደላ ያስጎተቱት፣ አምሳያው ዛሬ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ግዙፉ ሴባስቶፖል «መድፉ» ይባላል። ለመጎተት ብዙ ሕዝብ የጠየቀ ነውና የአንድ ሰው ወዳጅ ሊሆን አይችልም። ውጅግራና ምንሽር ግን በአንድ ሰው እጅ ይያዛሉ፤ ባለቤታቸው ይወለውላቸዋል፤ አጠገቡ አድርጎም ይተኛል። ስለዚህም በባለቤቱ አንደበት «እሷ» ይሆናሉ። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የሶቪየት ወታደሮች የሮኬት መተኰሻቸውን በልጃገረድ ስም ካቲዩሻ ብለውታል፤ እኛ ዲሽቃ የምንለውንም ከባድ መትረየስ፣ ከፋብሪካ ምህፃረ ቃሉ በመነሣት ዱሽካ፣ ማለትም «ውዴ»፣ እያሉ ጠርተውታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚናገረው ወንድ ነው። መሣሪያዋ ሴት፣ ተዋጊው ወንድ ሆኖ የተሣለው የፉከራው መድረክ በአመዛኙ የወንድ ስለነበረ ነው። ታሪክ ግን ከዚህ ሥዕል ይሰፋል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተው ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ከአዲስ አበባ ለአርበኞች መሣሪያ በስውር ያቀብሉ ነበር። በእነዚህ ሴቶች እጅ ያለ ጠመንጃ ፍቅረኛ ተብሎ ቢወደስ ትርጉሙ ይፋለሳል። በሴት መመሰል የለመደው ግጥም፣ መሣሪያውን ያነሣችውን ሴት ለመሣል ቃል ያጥረዋል።

እንግዲህ የመሣሪያው ጾታ የሚያመለክተው የብረቱን ባሕርይ ሳይሆን የያዘውን እጅ፣ የተናገረውንም አንደበት ነው። ቀረርቶን የሚያስተምር መምህርም ሆነ በመድረክ የሚያቀርብ ከያኒ፣ «መሣሪያዋ ለምን ሴት ሆነች?» ከማለቱ ጋር «ተናጋሪው ማን ነው? ያልተነገረላትስ ተዋጊ ማን ናት?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት የሚዘክራቸው ሰማዕታት ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፤ ቃል ግጥማችንም ሲጠናና ሲተረጐም ሁለቱንም ማሰብ አለበት።