መረቡ ምን ይመርጣል?

መርካቶ ውስጥ የናይለን ክርና ገመድ የተደረደረበት ሱቅ ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ጣና ሐይቅ ይደርሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ ምዕራብ የተዛወረው ይህ ገበያ ያልያዘው ዕቃ የለም። ዓሣ አጥማጅ ግን ዕቃ ሲመርጥ ዓሣም እየመረጠ ነው።

ነገደ ወይጦዎች ጣና ላይ ለብዙ ዘመን ያጠመዱት በደንገል ታንኳ ነው። በአካባቢው ወንዞች ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ይበተናል፤ ዓሣው ደንዝዞ ሲንሳፈፍ ትንሽ ትልቅ ሳይባል ይለቀማል። መንጠቆ ግን የሚይዘው የጎረሰውን ብቻ ነው።

የጣና ባርባሶች አጎራረስ ደግሞ ጉድ ነው! ወደ 15 ከሚጠጉት ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ ያድናሉ፤ ያውም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሐይቁ ላይ በፕሮጀክት ገቡ። አጥማጁ ከዳር ርቆ መሄድ ቻለ፤ ገበያውም ሰፋ። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ባርባሶች በክረምት ለመራባት ወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው እናትየዋን ከነእንቁላሏ ነው። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ቁጥራቸው በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

በ2003 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። አዋጅ ግን ሐይቁ ላይ ቆሞ አያድርም። ስለዚህ መረብ የምትገዙ ከሆነ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ የቀዳዳውን ስፋትም ለኩ። የሚያመልጠው ትንሹ ዓሣ የከርሞ ገበያችሁ ነው።