ብረትን በአሟሚ ለይቶ ማውጣት

በፋብሪካ ፈሳሾች ውስጥ የሟሟ ብረትን፣ ከውሃ ጋር ወደማይዋሃድ ዘይት መሰል ፈሳሽ በማሸጋገር የሚያስወግድ የማጣሪያ ዘዴ ነው። በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ባለሦስት ቻርጅ ብረት ከክሎራይድ ጋር ይጣመራል፤ በኬሮሲን የቀጠነ ትራይቡቲል ፎስፌትም ይስበዋል። ኒኬል ከክሎራይድ ጋር ያለው ትስስር ደካማ በመሆኑ በአሲዱ ውስጥ ይቀራል። ባለሁለት ቻርጅ ብረት እምብዛም ስለማይሳብ አስቀድሞ በክሎሪን ወይም በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ወደ ባለሦስት ቻርጅ ይለወጣል። ፈሳሾቹ ተደባልቀው ሲረጉ፣ ቀለል ያለው ኬሮሲን ብረቱን ይዞ ቢጫ ሆኖ ከላይ ይንሳፈፋል። በውሃ ሲታጠብ ብረቱ ይለቀቃል፤ አሟሚውም እንደገና ያገለግላል። በዚንክ ሰልፌት ፈሳሽ ግን ዳይ-2-ኤቲልሄክሲል ፎስፎሪክ አሲድ የተባለው አሟሚ ብረትን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ለማስለቀቅ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል፤ ይህም ወጪውን ያንራል።