የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ደጅ ጠኚዎች

የክሎድ ሻብሮል «ጭምብሎች» ፊልም ለፈረንሳይ ተመልካች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 መጀመሪያ ላይ ነው። ፊሊፕ ኗሬ የሚጫወተው ለጋኘር አረጋውያንን መድረክ ላይ እያወጣ የሚያዘፍን፣ አገር የሚወደው የቴሌቪዥን አቅራቢ ነው። ቤቱ ሲገባ ግን የክርስትና ልጁን ውርስ የሚበላ ሰው ነው። የሕይወት ታሪክህን ልጻፍ ብሎ የተጠጋው ወጣትም እውነተኛ ጉዳዩ የጠፋችውን እህቱን መፈለግ ነው። ፊልሙ ያስቃል፤ ሳቁ ግን ይመርራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ትልቁ የመንግሥት ጣቢያ ቴኤፍ ኧን ለግንባታ ባለሀብቱ ፍራንሲስ ቡይግ ተሰጠ፤ የ50 በመቶው ድርሻ ዋጋ 3 ቢሊዮን ፍራንክ ነበር። በዚህ መገጣጠም ምክንያት ፊልሙን ስለ ንግድ ቴሌቪዥን እንደተነገረ ትንቢት መቁጠር ይቀላል። እኔ ግን ለጋኘርን የወለደው ሽያጩ አይመስለኝም። ሽያጩ ያደረገው የሚደገደግለት ጌታ አስቀድሞ የጀመረውን ለውጥ ማጽናት ነው።

ማስረጃው ከሽያጩ ብዙ ቀድሞ ይገኛል። አለን ፔይረፊት በ1962 የማስታወቂያ ሚኒስትር ሲሆን፣ ከእሱ በፊት የነበረው ሹም ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን የጥሪ ቁልፎች እያሳየ ሥራውን እንዳስረከበው ራሱ ጽፏል። አንዱ ቁልፍ ተላላኪውን ይጠራል፤ ሌላው የሬዲዮና ቴሌቪዥኑን ዋና ዳይሬክተር፣ ሌላው የዜናውን ኃላፊ። በየቀኑ ወደ ማታ ገደማ እነዚህን ሰዎች ጠርቶ የምሽቱ ዜና ምን እንደሚል መወሰን የሚኒስትሩ ሥራ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማደግ የሚፈልግ ጋዜጠኛ የማንን ደጅ እንደሚጠና ግልጽ ነው። በ1968 የሥራ ማቆም አድማ የመቱ ብዙ ጋዜጠኞች ከሥራ ሲባረሩም ትምህርቱ ለቀሩት በደንብ ደረሳቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ዝግ ያለ ነበር። በዚያው በ1968 ጥቅምት የሸቀጥ ማስታወቂያ አንደኛው ቻናል ላይ ገባ። በ1974 የወጣው ሕግ አንዱን ትልቅ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ሰባት ቦታ ከፋፈለው፤ ቴኤፍ ኧንና አንቴን ዱ ሁለቱም የመንግሥት ሆነው ሳለ በተመልካችና በማስታወቂያ ገቢ ይሻሙ ጀመር። የተመልካች ቁጥር የሚለካው ሜዲያሜትሪ የተቋቋመው በ1985 ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ቡይግ ገና ድልድይና ሕንፃ ይገነባ ነበር። ሽያጩ ሲመጣ አቅራቢው የሚኒስትሩን ፊት ማንበብ ትቶ የማለዳውን የቁጥር ሪፖርት ወደ ማንበብ ዞሮ ነበር። የቴኤፍ ኧን አለቃ ፓትሪክ ለ ሌይ በ2004፣ ለኮካ ኮላ የምንሸጠው የተመልካቹን ነጻ የአእምሮ ጊዜ ነው የሚል ሐሳብ በይፋ ሲናገር አገር ተቆጣ፤ እሱ ግን የቆየ አሠራርን ሳይሸፍን መናገሩ ነበር።

የድሮው ቴሌቪዥን ጥሩ ነገር አልነበረውም ወይ የሚል ይኖራል። ነበረው። በ1961 ዣን ፕራ የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የኤስኪለስን «ፋርሶች» ለመላው አገር በቴሌቪዥን አሳይቷል፤ ይህን የሚያክል ድፍረት ዛሬ ብርቅ ነው። ሆኖም ድራማው ያን ያህል ነጻነት ያገኘው የሚኒስትሩ ዓይን ዜናው ላይ ስለነበረ ይመስለኛል።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ሲኒማ ስለ ቴሌቪዥን ሲመሰክር ቂመኛ ምስክር ነው። በ1982 ከ200 ሚሊዮን በላይ የነበረው የፈረንሳይ የሲኒማ ትኬት በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ወደ 120 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል፤ ተመልካቹን በከፊል የወሰደው ደግሞ የሳሎኑ ስክሪን ነው። በዚያ ላይ ካናል ፕሉስን የመሰሉ ጣቢያዎች የፊልም ሥራን በገንዘብ ስለሚደግፉ፣ ሲኒማ የተቀናቃኙ ጥገኛም ነው። ቂሙ እውነት ነው። ነገር ግን ቂመኛ ሁሉ ውሸታም አይደለም። ብሩኖ ዱሞን በ2021 «ፍራንስ» በተባለው ፊልሙ ሌያ ሴዱ የምትጫወታትን ዝነኛ ጋዜጠኛ ጦር ሜዳ ወስዶ፣ ታጣቂዎቹን እንዴት ቆመው እንደሚቀረጹ ስታዝ ያሳየናል። እዚያ ሚኒስትር የለም፤ ቁልፍም የሚጫን የለም፤ ትእዛዙን የምትሰጠው ራሷ ናት።

የፈረንሳይን ቴሌቪዥን ውድቀት ከ1987 የሚጀምር ታሪክ፣ የመንግሥትን የአሥርተ ዓመታት አዛዥነት በነጻ ያሰናብታል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም።