የየካቲት 66ቱ ቤንዚን እና የቤታችን መስኮት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ ከሚኒሶታ ስልክ ተደወለልኝ። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ናት። ከባሏ ጋር አሮጌ ቤት ገዝተው መስኮቱን ሊቀይሩ ነው። «ቲቸር፣ አንዱ ባለ ሁለት መስታወት ግዙ ይለናል፣ ሌላው ባለ ሦስት። ዋጋው አይጣል ነው! እርስዎ የደብረ ብርሃን ሰው ስለሆኑ ብርድ ያውቃሉ ብዬ ነው የደወልኩት» አለችኝ። ሳቅኩ። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የመስኮት ነጋዴ አይደለሁም። ግን ስለ መስኮት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያነበብኩትም ወድጄ አይደለም።

ቤቴን ስሠራ ለውበት ብዬ ሳሎኑን ሰፋፊ የአሉሚኒየም መስኮት አስገጠምኩት። መስታወቱ ነጠላ ነው። ኅዳር ሲገባ ቤቱ ፍሪጅ ሆነ። አንድ ማታ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘግተን፣ ክፍተቱን በጨርቅ ወትፈን፣ ከሰል አቀጣጥለን ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ሲሯሯጥ የዋለው ልጄ ማስታወክ ጀመረ። ባለቤቴ «ራሴን ፈለጠኝ» አለች። እኔም ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። እንደምንም በሩን ከፈትነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፍን። ከዚያ ቀን በኋላ ነው «ለመሆኑ ብርዱ የጠናበት የዓለም ሕዝብ ይህን ነገር እንዴት ተወጣው?» ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።

ድሮ ድሮ መፍትሔው መስኮትን ማሳነስ ነበር። መስታወት የሀብታም ዕቃ ነው። እንግሊዝ እንዲያውም ከ1696 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. በመስኮት ቁጥር ግብር ታስከፍል ነበር፤ ሰው ግብር ሽሽት መስኮቱን በጡብ ይደፍን ነበር። ብርዱ በሚከፋባቸው አገሮች ደግሞ ክረምት ሲመጣ በመስኮቱ ላይ ሌላ መስኮት ይደርቡ ነበር።

መደረቡ ለምን ጠቀመ? የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ቀላል ነው። ብርድ ልብስ የሚያሞቀን በክሮቹ መሀል አየር ስለሚይዝ ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት ብዙም አያሳልፍም። መስታወት ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ቤቱን የሚጠብቀው በሁለት መስታወት መሀል የታሰረው አየር ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. ቶማስ ስቴትሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ሁለት መስታወት ጠርዙ ላይ አሽጎ አየር በመሀሉ የማስቀረትን ሐሳብ በፓተንት አስመዘገበ። ሐሳቡ ግን ቶሎ ገበያ አላገኘም። በ1959 እ.ኤ.አ. ፒልኪንግተን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የቀለጠ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ አንሳፎ ዝርግ መስታወት የማምረት ዘዴውን ይፋ አደረገ። ጥሩ መስታወት በገፍ ተመረተ። ሆኖም ነዳጅ ርካሽ ነበርና ብዙው ሰው ለመስኮት ገንዘብ ከማውጣት ምድጃውን ማንደድ ይቀለው ነበር።

ከዚያ 1973 እ.ኤ.አ. መጣ። የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ። በጥቂት ወራት በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ።

እዚህ ጋ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ደጋግሜዋለሁ። ያ የዋጋ ንረት እኛም ጋ ደረሰ። ቤንዚን ተወደደ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በሴክተር ሪቪው ምክንያት አብረው አደሙ። ረሃቡም የወታደሩም ጥያቄ ነበረበት፣ ብቻ አዲሱ ዓመት እንደገባ ዙፋኑ ወደቀ።

ያው ዋጋ ብርዳማ አገሮች ውስጥ ደግሞ ወደ መስኮት ዞረ። ምዕራብ ጀርመን በ1977 እ.ኤ.አ. ለአዳዲስ ቤቶች የሙቀት ቁጠባ ደንብ አወጣች፤ ነጠላ መስታወት ከዚያ ወዲህ ቀረ። ካሊፎርኒያ ያለው የሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ በዓይን የማይታይ ስስ የብረት ቅብ መስታወት ላይ እንዲለመድ ሠራ። ቅቡ ብርሃን ያስገባል፣ የቤቱን ሙቀት ግን ወደ ውስጥ ይመልሳል። «ሎው-ኢ» የሚሉት እሱ ነው፤ በ1980ዎቹ ገበያ ላይ ዋለ። በመሀል ከአየር ይልቅ አርጎን ጋዝ መሙላትም ተለመደ። በ1991 እ.ኤ.አ. ጀርመን ዳርምሽታት ከተማ ውስጥ ባለ ሦስት መስታወት መስኮት ያላቸው ቤቶች ተሠሩ፤ ማሞቂያ የሚፈልጉት እጅግ ጥቂት ነው።

ለልጅቷ የነገርኳት ይህንን ነው። «መስታወቱ ስንት ነው ብለሽ አትጠይቂ፣ ዩ-ው ስንት ነው ብለሽ ጠይቂ» አልኳት። ዩ ማለት በመስኮቱ የሚያልፈው ሙቀት መጠን ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። በአውሮፓ መለኪያ ነጠላ መስታወት 5.8 ገደማ ነው። ቅብ የሌለው ድርብ 2.8፣ ቅብና አርጎን ያለው ድርብ 1.1፣ ሦስቱ 0.7 አካባቢ። አያችሁ? ትልቁ ትርፍ ከነጠላ ወደ ጥሩ ድርብ ሲኬድ ነው፤ ሦስተኛው የሚጨምረው ትንሽ ነው። አሜሪካ መለኪያውም ሌላ ነው፣ ፍሬሙም ይደመራል፤ ስለዚህ መለያው ላይ ጥሩ ድርብ 0.30፣ ጥሩ ሦስት 0.20 አካባቢ ሆኖ ታገኘዋለች። እንደ ሚኒሶታ ባለ ብርድ ሦስቱ ክፉ አይደለም፣ አቅም ካለ። ከሌለ ግን ቅብ ያለው ድርብ ገዝቶ የተረፈውን ብር ለጥሩ ገጣሚ መክፈል ይሻላል። ዙሪያው ንፋስ የሚያስገባ መስኮት ሦስትም አራትም መስታወት ቢኖረው ዋጋ የለውም። በደቡብ በኩል ደግሞ የክረምት ፀሐይ የሚያስገባውን ዓይነት ምረጪ አልኳት።

እኛስ? ድርብ መስታወት ለአብዛኞቻችን ገና ሩቅ ነው። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው፤ የፍሬሙን ዙሪያ በሲሊኮን አስደፈንኩ፣ በውስጥ በኩል የእንጨት መዝጊያ አሠራሁ፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ። ቀን ፀሐይ ይገባል፣ ማታ ይዘጋል። ቤቱ ተለወጠ።

ከሰሉ ግን ከዚያ ማታ በኋላ ሳሎን ገብቶ አያውቅም። ቤታችሁን ባሸጋችሁ ቁጥር የከሰል ጭስ የበለጠ ገዳይ ይሆናል፤ መርዙ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ይመስላል። በዚህ ብርድ ወላጆቻችሁ ጋ ደውሉና «ማታ ከሰል አስገብታችሁ እንዳትተኙ» በሏቸው። ታሪኩን ብትረሱት አልቀየማችሁም፣ ይህቺን ግን አደራ።

መልካም ሳምንት።